የሳይንስ ክፍሌና የቡራዩ ቦረቦር

ቡራዩ ስመደብ ገና ልጅ ነበርኩ ማለት ይቻላል። ከመምህራን ማሠልጠኛ በወጣሁ በዚያው ክረምት ማለቂያ፣ አንዲት የቆርቆሮ ሻንጣ ይዤ ከአምቦ መስመር አውቶቡስ ወረድኩ። የሠለጠንኩት አማርኛ ላስተምር ነው። ዲሬክተሩ ግን ሻንጣዬን መሬት ሳላስቀምጥ «አማርኛ የሚያስተምር ሞልቷል፤ አንቺ የአምስተኛ ክፍልን ሳይንስ ትይዣለሽ» አሉኝ።

«ሳይንስ እኮ አልተማርኩም» አልኳቸው።

«አምስተኛ ክፍል ናቸው፤ ምን ይጠይቁኛል ብለሽ ነው?» አሉና ሳቁ።

ዲሬክተሩ ከሰሜን የመጡ፣ ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ኮታቸውን በሙቀትም አያወልቁም፤ ባርኔጣቸውን የሚያነሡት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀልና ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ብቻ ነው። ከትምህርት ቤቱ ሁሉ የሚወዱት የኳስ ሜዳውን ነበር። ልጆቹ ሲጫወቱ ከቢሮአቸው በር ላይ ቆመው፣ ማንም እንዳያያቸው እየተጠነቀቁ፣ በእግራቸው ጫፍ አብረው ይመታሉ።

የሳይንስ መጽሐፍ የምንለው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ባሕር ማዶ የታተመ፣ ከእኔ በቀር ለማንም ያልተሰጠ። የመጀመሪያውን ሳምንት ከእሱ እየተረጎምኩ አስተማርኩ። ስለ ዛፎች በሚናገረው ምዕራፍ ላይ ቅጠሉ ሁሉ የረገፈ፣ በረዶ የተከመረበት ዛፍ ሥዕል አለ። መጽሐፉን ከፍ አድርጌ በየወንበሩ መካከል እየዞርኩ አሳየኋቸው። ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው አዩት። በመጨረሻ ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«እትዬ፣ ይሄ ዛፍ ታሟል?»

«አልታመመም። ብርድ ሲሆን ቅጠሉን ያራግፋል።»

«እዚህም እኮ ይበርዳል። ባሕር ዛፋችን ለምን አያራግፍም?»

ገጹን ገልብጬ መልስ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። አንዷ ደግሞ ከኋላ ተቀብላ «የእኛ ዛፎች ሰነፎች ናቸው ወይስ የእነሱ?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ዲሬክተሩ ምን ይጠይቁኛል ብለሽ ነው ያሉት ነገር ትዝ አለኝና መጽሐፉን አጠፍኩት። «ተነሡ፤ የራሳችንን ዛፎች ሄደን እንያቸው» አልኩ። ይህን ያልኩት አውቄበት አልነበረም። ከዚያ ክፍል የምወጣበት ሌላ መንገድ ስላላየሁ ነው።

ከትምህርት ቤቱ በታች፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ ከባሕር ዛፉ መካከል የተረፉ ያረጁ ዛፎች ነበሩ። አንዱ ሥር ቆምንና «ይህ ምን ይባላል?» ብዬ ጠየቅሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቀውም፤ ጉለሌ ላደገ ሰው ከባሕር ዛፍ ውጪ ያለው ሁሉ ዛፍ ብቻ ነው። ከኋላ አንድ ድምፅ በሹክሹክታ «ኤጀርሳ» አለ።

የተናገረችው የክፍሉ ረጅሟ ልጅ ነበረች። ትምህርት የጀመረችው ዘግይታ ስለሆነ ከክፍል ጓደኞችዋ በላይ አንድ ክንድ ትረዝማለች፤ እንዳትታይ ብላ ነው መሰለኝ ሁልጊዜ ጎንበስ ትላለች። አባቷ ከከተማው ዳር የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ አንድ የነጋዴ ልጅ ጣቱን ቀሰረባት።

«እትዬ! በኦሮምኛ ተናገረች!»

በዚያን ጊዜ በትምህርት ቤት ግቢ ከአማርኛ ሌላ መናገር አይፈቀድም ነበር። ልጅቷ ይበልጥ ጎበጠች። ሁሉም ምን እንደማደርግ ሊያዩ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ስሙን ጠየቅሁ፤ እሷ ነገረችኝ» አልኩ። «አንተስ በአማርኛ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?»

ልጁ ቅርፊቱን ዳሰሰ፤ ቅጠሉንም ገልብጦ አየ። «ወይራ ነው» አለ በኩራት። «እናቴ ጋን የምታጥነው በዚህ ነው።»

«እንግዲያው ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አልኩና ወደሚቀጥለው ዛፍ ሄድን።

ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ ሆነ። ከተሜዎቹ በአንድ ወገን፣ የገበሬ ልጆች በሌላ ወገን ሆነው ይሽቀዳደሙ ጀመር። ከተሜዎቹ ዝግባ ሲሉ እነዚያ ቢርቢርሳ፣ ዋንዛ ሲሉ ወደሳ፣ ጥቁር እንጨት ሲሉ ሆሚ። ክፍል ስንመለስ ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት ከፍዬ ሁሉንም ጻፍኩት። ዲሬክተሩ ጩኸቱን ሰምተው መጡና በሩ ላይ ቆመው አነበቡ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የዛፎች ስም ነው፣ ጋሼ።»

«ለአንድ ዛፍ ሁለት ስም ምን ያደርግላቸዋል?»

«አንዱ ቢጠፋባቸው ሌላው ይቀርላቸዋል ብዬ ነው።»

ባርኔጣቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉ። «ኢንስፔክተር በሚመጣ ቀን ግን አጥፊው» አሉና ሄዱ። ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

ጎርፍ የቆፈረውን ቦረቦር ያገኘነው በዚያው መስከረም ነው። አገኘነው ስል ድሮም ነበረ፤ ልብ ብሎ ያየው ሰው ግን አልነበረም። ከኳስ ሜዳው ጥግ ይነሣና፣ ሰው የሚውጥ ጉድጓድ እየሆነ፣ በቁልቁለቱ ወደ ማሳዎቹ ይወርዳል። በየክረምቱ ከሜዳው ትንሽ ትንሽ ይገምጣል። ኳስ በገባበት ቁጥር አንዱ ወርዶ እስኪያወጣው ጨዋታው ይቆማል፤ ዲሬክተሩም በር ላይ ሆነው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

አንድ ቀን ብርቱ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ ልጆቹን ሁለት ጠርሙስ አስያዝኳቸው። አንዱን ከቦረቦሩ፣ ሌላውን ከወይራዎቹ ሥር ከምትወጣው ምንጭ ሞልተን መስኮት ላይ አስቀመጥናቸው። በማግሥቱ የምንጩ ውሃ እንደጠራ ነው። በቦረቦሩ ጠርሙስ ግን ከታች ቀይ ጭቃ ረግቶ ወፍራም ንጣፍ ሠርቷል። ልጆቹ እየተጋፉ አፍንጫቸውን ጠርሙሱ ላይ ለጠፉ። ከኳስ ተጫዋቾቹ አንዱ ድንገት «ይሄ እኮ ሜዳችን ነው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከሳይንስ ትምህርት ማንም ቀርቶ አያውቅም።

ሰማዩ ሲጠራ፣ ኅዳር ላይ፣ ክፍሉን በሙሉ በእግር ወደ ገፈርሳ ወሰድኩት። የዋና ከተማው ውሃ የሚጠራቀምበትን ትልቅ ኩሬ በቅርብ ያየ ልጅ ጥቂት ነበር። ስንደርስ ረጅም ካፖርት የለበሱ ዘበኛ ዱላቸውን አግድም ይዘው መንገዱን ዘጉብን።

«ወዴት ነው?»

«ውሃውን ልናይ ነው፣ አባባ» አልኩ።

«ውሃው ምን ሆነ?»

«ኧረ ምንም አልሆነም።»

«ምንም ካልሆነ ምን ታያላችሁ?»

ረጅሟ ልጅ ከኋላ መጥታ ሁለት እጇን አጣምራ፣ ዝቅ ብላ «አካም ጅርቱ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠቻቸው። የሰውዬው ፊት ወዲያው ፈታ አለ። የማን ልጅ እንደሆነች፣ እናቷ ደኅና መሆኗን፣ ከብቶቹ እንዴት እንደከረሙ ተጠያየቁ። በመጨረሻ ዱላቸውን አነሡና «ከዛፎቹ አታልፉ፤ ድንጋይ የወረወረ ጠቡ ከእኔ ጋ ነው» አሉን።

ከባሕር ዛፎቹ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ውሃው ሰማዩን ለብሶ ተኝቷል፤ ዝይዎች ዳር ዳሩን ሣር ይነጫሉ። ልጆቹ ሣሩ ባለበት በኩል ውሃው ጥርት ያለ፣ ከብት በረገጠው ባዶ መሬት በኩል ደግሞ የደፈረሰ መሆኑን ራሳቸው አይተው ይነግሩኝ ጀመር። ያ ወይራውን ያወቀ የነጋዴ ልጅ ግን ሌላ ሐሳብ ይዞት ነበር።

«እትዬ፣ አክስቴ መርካቶ ቤቷ ቧንቧ አላት። ውሃዋ ከዚህ ነው የሚሄደው?»

«አዎ፣ ከዚህ ሳይሆን አይቀርም።»

«ታዲያ እዚህ ብሸና አክስቴ ጋ ይደርሳል?»

ዘበኛው ሰሙት። «እስቲ ሞክራት!» ብለው ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ልጁ ከዝይዎቹ ቀድሞ በረረ። ሌሎቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሳቁ። እኔ አስተማሪ ነኝና ላለመሳቅ ጉንጬን ነከስኩ፤ ግን ዘበኛው ራሳቸው ካፖርታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲንፈቀፈቁ አይቼ ሳቄን ለቀቅሁት። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ያወሩት ስለ ጭቃና ስለ ሣር ነበር፤ ከዚያ ቀን ሌላ ምንም ባላስተምር ይበቃኝ ነበር።

በጋው ሲገፋ ቦረቦሩን እንገድበው የሚል ሐሳብ የመጣው ከልጆቹ ነው። ዲሬክተሩን ሳስፈቅድ «ሜዳዬን የሚያድን ከሆነ» አሉ። ከሰዓት በኋላ ድንጋይ እየለቀምን በቦረቦሩ ውስጥ ውሃ የሚያግድ ክትር እንሠራ ጀመር። ሥራው በደንብ ሲጦፍ የረጅሟ ልጅ አባት መጡ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለዋል፤ ፊታቸው የጠቆረ ነው። ሰዉ ሁሉ በኦሮምኛ አክብሮ «ኦቦ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደ ሰዉ አልኳቸው።

«ኦቦ፣ እንደምን አሉ?»

«ደኅና ነኝ። አስተማሪ፣ እኔ ልጄን ለምን እንደላክሁ ታውቂያለሽ?»

«እንድትማር ነዋ።»

«ድንጋይ መሸከም እኔም ቤት አላጣችም። አፈር እንደሆነ ሞልቶናል። እኔ የላክሁት እጇ ብዕር እንዲይዝ ነው። አንቺ ከአፈር አውጪልኝ ብዬ ብሰጥሽ መልሰሽ አፈር ውስጥ ከተትሻት።»

የሚሉት እውነት ነበረው። ስንት ሥራ ትታ እየመጣች እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሷን ትምህርት ቤት ለመላክ ከወንድሞችዋ ጋር ምን ያህል እንደተከራከሩም ሰምቻለሁ። ልጅቷ ከቦረቦሩ ውስጥ ብቅ ብላ የአባቷን ጋቢ ጫፍ ያዘች።

«አባቴ፣ ይሄ ጎርፍ የት እንደሚሄድ አላየህም? ወርዶ ወርዶ የእኛን የገብስ ማሳ ነው የሚበላው። ና ላሳይህ።»

ይዛቸው ሄደች። ዳር ዳሩን ይዘው እስከ ታች ሲወርዱ፣ እሷ እጇን እያወናጨፈች ስታስረዳ፣ እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ሲሰሙ ከላይ ሆኜ አየኋቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ቀጥ ብላ መቆሟን ልብ አልኩ። ሲመለሱ አባትየው አሁንም አልሳቁም።

«ፈተና ብትወድቅ ማንን ልጠይቅ? ቦረቦሩን?»

«እኔን ይጠይቁኝ፣ ኦቦ።»

«እጠይቅሻለሁ» አሉና ሄዱ። ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይመስሉም ነበር፤ እኔም በዚያ ሰሞን ሒሳብ አስተማሪውን ይህቺን ልጅ አደራ ስል ከረምኩ።

መጋቢት ላይ የበልግ ዝናብ ወረደ። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የዘነበው። በማግሥቱ ጠዋት ስንደርስ የሠራነው ክትር አንድም አልቀረም። ድንጋዮቹ ቁልቁል ተበታትነዋል፤ ይባስ ብሎ ውሃው በጎንና በጎን ዞሮ ቦረቦሩን አስፍቶታል። የስድስተኛ ክፍል ጎረምሶች ከላይ ቆመው ሳቁብን። ከልጆቹ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። እኔም በልቤ «ይኸው ነው እንግዲህ፤ ነገ ወደ መጽሐፉ እመለሳለሁ» ብዬ ነበር።

ረጅሟ ልጅ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ ድንጋይ የነበረበትን ቦታ ትመረምራለች። «እትዬ፣ መሐሉን አልበጠሰውም እኮ» አለች። «ዞሮ ነው የሄደው። እዩት፣ በጎን ነው የገባው።»

ሁላችንም ወረድን። ልክ ነበረች። ክትሩን ከዳር እስከ ዳር እኩል አድርገን ስለገነባነው ውሃው መሐል መውጫ አጥቶ ጎኑን ቆፍሯል። ታዲያ እንዴት ብንሠራው ይሻላል? ይህን የሚነግረን መጽሐፍ አልነበረንም። ስለዚህ ከክፍሉ ጀርባ አፈር ቆልለን ትንንሽ ቦረቦሮች ቆፈርን፤ አሮጌ ጣሳ በሚስማር በሳሳንና ዝናብ ሠራን። በየቡድን ሆነው በጠጠር፣ በጭራሮ፣ በሣር ሥር የየራሳቸውን ክትር ሠርተው ውሃ ያፈሱበታል። ሲፈርስ ይጯጯሃሉ፣ ሲቆም ይጨፍራሉ። ጭቃው ጉልበታቸው ደርሷል። እስከ ዛሬ በማስተማር ዘመኔ እንደዚያ ያለ ክፍል አልገጠመኝም።

ከብዙ መፍረስ በኋላ ያልፈረሰው መሐሉ ዝቅ፣ ዳርና ዳሩ ከፍ ያለው፣ ጫፉም ከቦረቦሩ ግድግዳ ውስጥ ተቆፍሮ የገባው ሆነ። ደግሞም ከታች አንድ ትልቅ ከመሥራት ከላይ ጀምሮ ትንንሽ መደራረብ ይሻላል። ረጅሟ ልጅ «ውሃውን አናስቁመው፤ ቀስ ይበል እንጂ ይሂድ» ስትል ክፍሉ ሁሉ ተስማማ።

እንደገና ስንጀምር ዲሬክተሩ መጡ። ጥቂት ቆመው አዩን፤ ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ። ኮታቸውን አወለቁ። ኮቱን አጣጥፈው ለእኔ ሰጡኝና ሲስቁብን ወደ ነበሩት የስድስተኛ ክፍል ልጆች ዞረው «ኳስ መጫወት የሚፈልግ ሁሉ ድንጋይ ይያዝ!» ብለው አዘዙ። በዚያ ሳምንት ሥራው አለቀ። ከድንጋዩ ጀርባ ከወንዝ ዳር ያመጣነውን ሰርዶ ተከልን። የግንቦቱ ዝናብ መጣ፤ ክትሮቹም ጭቃውን እየያዙ ውሃውን እየለቀቁ ቆሙ። በዝናብ ውስጥ ነጠላዬን ተከናንቤ ላያቸው ስወጣ ዲሬክተሩ ጃንጥላ ይዘው ቀድመውኝ እዚያ ነበሩ።

ሰኔ ላይ የወላጆች በዓል ሲደርስ ዲሬክተሩ የሰበታንና የሱሉልታን ትምህርት ቤቶች ጋበዙ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከአካባቢው የሚያሳየውን ይዞ እንዲመጣ ተባለ። የሱሉልታ ልጆች ከሜዳቸው የለቀሙትን የሣር ዓይነት በየነዶው አስረው አመጡ። የሰበታዎቹ ከወንዛቸው እንቁራሪት በጠርሙስ፣ በቅርጫት ደግሞ በሕይወት ያለች እስስት ይዘው መጡ። እስስቷን ሲያዩ ግማሹ ወላጅ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ትተፋብናለች፣ ጥርሳችን ይረግፋል ብለው አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ኢንስፔክተሩም በዚያው ቀን መጡ። ዕቃው የተደረደረው እኛ ክፍል ነው፤ ልጆቹ በየጊዜው እያደሱ የሚጽፉት የዛፎቹ ስም ደግሞ ሰሌዳው ላይ እንዳለ ነው፤ በሥራ ብዛት ማጥፋቱን ረስቼዋለሁ። ዲሬክተሩ አይተውኝ ዓይናቸውን አፈጠጡ። ጊዜ ስላልነበረ ራሳቸው ሄደው በግራ በኩል ያለውን የኦሮምኛውን ጽሑፍ በጀርባቸው ሸፍነው ቆሙ። ኢንስፔክተሩ ክፍሉን ሲዞሩ እሳቸው ከሰሌዳው ንቅንቅ አይሉም፤ ሲያነጋግሯቸውም ከዚያው ሆነው ነው የሚመልሱት።

ኢንስፔክተሩ ሣሩን አዩ፣ ጠርሙሶቹን አዩ፣ ከዚያ «እዚህ ውስጥ ምን አለ?» ብለው የቅርጫቱን ክዳን ከፈቱ። እስስቷ ቀስ ብላ በእጅጌያቸው ላይ ወጣች። ሰውዬው ጮኸው ዘለሉ። ዲሬክተሩ ሊያግዟቸው ሰሌዳውን ትተው ሮጡ። ከሰበታ የመጣች አንዲት ትንሽ ልጅ ግን ከሁሉ ቀድማ ደረሰችና እስስቷን ከእጅጌያቸው ላይ ረጋ አድርጋ አነሣቻት።

«አይፍሩ፣ ጋሼ። ዝንብ ነው የምትበላው። ጥርስዎን ምንም አታደርገውም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኢንስፔክተሩም አፍረው ሳቁ፤ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ሲዞሩ ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ አረፈ። የሁለቱንም ወገን አንድ በአንድ አነበቡ። የዲሬክተሩ ፊት አመድ መሰለ።

«እኔ ባደግሁበት አገር» አሉ ኢንስፔክተሩ ዝግ ብለው፣ «ይህን ዛፍ ቢርቢርሳ ነው የምንለው። ዝግባ መባሉን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።» መሐረባቸውን ኪሳቸው ከተቱና «ቦረቦር አላችሁ አሉ፤ እስቲ አሳዩኝ» ብለው ወጡ።

ቦረቦሩ ዳር ረጅሟ ልጅ ለእንግዶቹ አስረዳች። በአማርኛ ጀመረች። መሐል ላይ ቀና ስትል እናቷና ሌሎች የገበሬ ሚስቶች ከኋላ ቆመው አማርኛውን ሳይሰሙ ሲያዩዋት አየች። ቆም አለችና ያንኑ ሁሉ በኦሮምኛ ደገመችው። የሚከለክላት አልነበረም። ሴቶቹ ወደ ፊት ገፍተው መጡ፤ ጥያቄም ጠየቋት። አባቷ ከዳር ቆመው ነበር። ያን ሰሞን ፈተናዋን ማለፏን ሰምተዋል። ሕዝቡ ሲበተን ወደ እኔ መጥተው «እንግዲህ አንቺን የምጠይቅበት ነገር አጣሁ» አሉ፤ በዚያች ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው።

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ በክትሮቹ ጀርባ የተከልነው ሰርዶ ወገብ በሚደርስ ሌላ ሣር ተውጦ ነበር። የረጅሟ ልጅ አባት ማጭድ ይዘው ትምህርት ቤት መጡና ዲሬክተሩን አስፈቀዱ፤ ለጥጃቸው ሊያጭዱ ነው። ዲሬክተሩም ሜዳዬን ብቻ እንዳትነኩብኝ ብለው ፈቀዱ።

ጥቅምት ላይ ደግሞ የመጋበዙ ተራ የሱሉልታ ሆነ። ከአንድ ነጋዴ ወላጅ ኤንትሬ የጭነት መኪና ተገኘልንና አሁን ስድስተኛ ክፍል የገቡትን ልጆቼን ጭነን እንጦጦን ዞረን ወረድን። የሰበታዎቹም መጥተው ነበር። ሜዳው ዓይን እስኪደክም ድረስ ሣር ነው። ግማሹ ታጭዶ መሬት ላይ ተነጥፏል፤ ሽታው ያሰክራል። የሱሉልታው አስተማሪ ሣር እንዴት ውሃ እንደሚይዝ ሊያስረዳን ገና ሥሩን ነቅሎ ሲያሳየን፣ ከእንጦጦ በኩል ያለ ጊዜው ጥቁር ደመና ተነሣ።

ከሜዳው ማዶ አንዲት ሴት እየሮጠች መጣች። የማሳው ባለቤት ናት፤ ባሏ ለገበያ ወደ ከተማ ወጥቷል፤ የታጨደው ሣሯ እንደተነጠፈ ነው። ዝናብ ከመታው ይበሰብሳል፤ ከብት እንኳ አይበላውም። ማንንም አልጠየቀችም፤ ብቻዋን በሁለት እጇ ትሰበስብ ጀመር።

የሦስቱ ትምህርት ቤት ልጆች ማንም ሳያዛቸው ተበተኑ። የሱሉልታ ልጆች መከመሩን ያውቁበታል፤ ይጮኻሉ፣ ያዛሉ። የእኛዎቹ እቅፍ ሙሉ ይዘው ይሮጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ እንደገና ይሮጣሉ። ያ የነጋዴ ልጅ ፊቱ በሣሩ ተሸፍኖ መንገዱን ስለማያይ ሁለቴ ከረጅሟ ልጅ ጋር ተጋጨ። የዲሬክተሩን ባርኔጣ ነፋሱ ነጠቀው፤ እሳቸው ግን ነዶአቸውን አልለቀቁም። እኔ ጫማዬን አውልቄ እሮጣለሁ። የመጨረሻው ክምር ሲከደን ትልልቅ የዝናብ ጠብታ ወረደ።

ሁላችንም ሴትዮዋ ቤት ገባን፤ ቤቱ ያልያዘው ደጃፉ ላይ፣ በረቱ ውስጥ ተጠለለ። ገብስ ቆሎ በሰፌድ አመጣችልን፤ አሬራም በየተራ ጠጣን። የሁላችንም ፀጉር ሣር ለብሷል። ሴትዮዋ ልጆቹን ዞር ዞር ብላ አየቻቸውና ለዲሬክተሩ «እነዚህ ሁሉ ከየት ናቸው?» አለቻቸው።

«ከቡራዩና ከሰበታ ናቸው። ለትምህርት ነው የመጡት።»

«የምን ትምህርት ነው?»

«ሳይንስ!» አሉ ልጆቹ አፋቸው ቆሎ እንደሞላ።

«ሳይንስ ማለት ድርቆሽ መከመር ነው?»

ዲሬክተሩ ከኮታቸው ላይ ሣሩን እያራገፉ «ለዛሬ እሱ ነው» አሉ።

ሴትዮዋ ሰፌዱን አስቀመጠችና «እንግዲያው ነገም አምጡልኝ፤ ከወንዙ ማዶ ገና ያልታጨደ አለኝ» አለች።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ዝናቡም ውጪ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳቃችንን ሊያስጥለን ይታገል ነበር።